የኩሬው ዳስ

ካባው ውስጥ ሰንበታ ቶላን የሚወድ ሰው አልነበረም ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ውሃ ሲያድል ያየው ሰው ግን ቢጠላው አይፈረድበትም። ካባው ከናዝሬት ወጥቶ ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከሸንተረሩ ግርጌ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ ጠጠር የሚፈጭበት የመንግሥት ቦታ ነው። ሰንበታ እዚያ «የውሃ ኃላፊ» ይባል ነበር። ኃላፊነቱ ለስሙ ያህል ነው፤ በሥሩ የሚያዛቸው አንድ አካፋና አንድ ዶማ ብቻ ነበሩ።

ውሃው ከአዋሽ በቦቴ ይመጣል። ቦቴው በመጣ ቀን ደስታ ነው፤ በቀረ ቀን ወይ ጎማው ፈንድቷል፣ ወይ ሾፌሩ ለስብሰባ ተጠርቷል። የመጣችው ውሃ ድንጋይ መፍጫው ክራሸር የሚያስነሳውን አቧራ ማርጠብ፣ ጠጠር ማጠብና የሠራተኛውን ጉሮሮ ማራስ ነበረባት፤ ለሁሉም ግን አትበቃም። ስለዚህ ሰንበታ ቧንቧዋን በጀርባው ከልሎ ይቆምና እንደ ጠበል ያንጠባጥብላቸዋል። ፊቱን ሊታጠብ የመጣውን ሠራተኛ «እጅህን ታጠብ ይበቃሃል፤ ፊትህን እንደሆነ ሚስትህ ለምዳዋለች» ብሎ ይመልሰዋል። ጠጠር የታጠበበትን ጭቃ ውሃ እንኳ አይደፋም። በቦይ ከካባው በታች ወዳለው ኩሬ አንድ ጥግ ይሰደውና ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ የጠለለውን መልሶ ጠጠር ያጥብበታል። ሠራተኛው «ሰንበታ ላቡንም አጥልሎ ሳይጠጣው አይቀርም» እያለ ይስቅበት ነበር። እሱም ይሰማል፤ ግን መልስ አይሰጥም።

ትውልዱ አቦምሳ አካባቢ ነው። ናዝሬት የመጣው በንጉሡ ጊዜ፣ ካባው የአንድ ጣሊያን በነበረበት ዘመን፣ ለቀን ሥራ ነው። ጣሊያኑ ክረምት በገባ ቁጥር ከሸንተረሩ የሚወርደው ጎርፍ ጉድጓዱን እየሞላ ሥራ ሲያስፈታው፣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን የቀን ሠራተኛ ጠርቶ ቦይ እንዲቆፍር አዘዘው። ያ ሰው ሰንበታ ነበር። ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም ቢባል ያስኬዳል። አብዮቱ ፈነዳ፣ ጣሊያኑ ጓዙን ሸክፎ ሄደ፣ ካባው የሕዝብ ሀብት ተባለ፣ ካቦው ጓድ ሆነ፣ በሩም ቀይ ቀለም ተቀባ። ሰንበታ ይህን ሁሉ ከቦዩ ውስጥ ቀና ብሎ አየና ተመልሶ ጎንበስ አለ። ሚስቱ እልፍነሽ ቦዩን «ጣውንቴ» ነበር የምትለው። ማታ ማታ «ዛሬም ጣውንቴ ጋ ዋልክ?» እያለች ጭቃ የጠጣ ሱሪውን ትቀበለዋለች።

በዚያ አገር ዝናብ ሲጠፋ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ የዓመት ቅሬታውን በአንድ ከሰዓት ያራግፈዋል። ከሁሉ የሚያናድደው የሚዘንበው ሸንተረሩ ላይ መሆኑ ነው። ታች ያለው ሰው ፀሐይ እየሞቀ፣ ጥርት ያለ ሰማይ እያየ ጎርፍ ይደርስበታል። ድሮ ጎርፉ የካባውን ጭቃና የጠጠር ዱቄት ተሸክሞ እየሄደ ታች ያሉት ገበሬዎች የሽንኩርት ማሳ ላይ ይተኛ ነበር። ገበሬዎቹ ሽማግሌ ላኩ፤ ሰሚ ሲያጡ በማኅበራቸው በኩል አመለከቱ። በመጨረሻ ሙሉብርሃን የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከአዲስ አበባ መጣና ከካባው ዝቅ ብሎ በዶዘር ሰፊ ኩሬ አስቆፈረ። ጎርፉ እዚያ ይገባል፣ ጭቃውን ያራግፋል፣ ከዚያ የጠራው ውሃ በወዲያኛው ጠርዝ በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል። የሽንኩርቱ ክስ በዚሁ አበቃ።

ከላይ የሚመጣው የሰንበታ ቦይ ካባው አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ይገነጠላል። ግራው ወደ ካባው ጉድጓድ፣ ቀኙ ወደ ኩሬው ይወስዳል። መገንጠያው ላይ በግራም በቀኝም በድንጋይ የተሠራ የሳንቃ ማስገቢያ አለ፤ ሳንቃው ግን አንድ ነው። ሁልጊዜ የሚሰካው በግራ ነው፤ ጉድጓዱን ይዘጋል፣ ጎርፉም ወደ ኩሬው ይሄዳል። በቀኝ የሚሰካው ኩሬው በበጋ ጭቃው ሲዛቅ ብቻ ነው። ያኔ ድንገት ውሃ ቢመጣ ቆፋሪዎቹን እንዳይደርስባቸው ኩሬው ይዘጋና ጉድጓዱ ይቀበለዋል። ያም ድሮ ነው። አሁን ጉድጓዱ ውስጥ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ አዲስ የክራሸር ሞተር ተተክሏል። አሮጌው ተቃጥሎ ሠራተኛው ለወራት በመዶሻ ጠጠር እየቀጠቀጠ የጠበቀው ሞተር ነው። ሲመጣ እንደ እንግዳ በጭብጨባ ነበር የተቀበሉት።

ለዚያ ሞተር ዘበኛ ተመደበለት። በዚያን ዘመን በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት ከደረሰ ስሙ አደጋ አይባልም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። መጀመሪያ የሚታሰረውም በዕለቱ ተረኛ የነበረው ዘበኛ ነው፤ ጥያቄው ከታሰረ በኋላ ይደርሳል። አንድ የክራሸር ቀበቶ በጠፋ ጊዜ ተረኛ የነበረው ሰውዬ ተወስዶ፣ ቀበቶው ከአሮጌ ብረት ሥር ከተገኘ በኋላ እንኳ እሱን ለማስፈታት ብዙ ደጅ ተጠንቷል። ሲመለስ ጥርሶቹ ጎድለው ነበር። ስለ ጥርሶቹ የጠየቀው ሰው የለም።

ሰንበታና እልፍነሽ ከሎሚ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሎሚ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ናዝሬት የኅብረት ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር። አባቷን ትወደዋለች፤ ቂምም ነበራት። ክርስትና እናቷ ሲያርፉ ቀብር ላይ አልተገኘም፤ ቦዩ ተደርምሶ ነበር። የትምህርት ቤት ሽልማቷን ስትቀበል አልነበረም፤ ያን ቀንም ዘንቧል። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር አባት የሌላት ልጅ እንደምትሆን ገና በልጅነቷ አውቃዋለች። በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ዘገዬ የሚባል፣ አርሲ ነገሌ እህል መጋዘን የሚሠራ ወጣት ሽማግሌ ሲልክባት ደስ ያላት ልጁን ወድዳው ነው፤ ትንሽ ትንሽ ደግሞ ከዚያ ሰማይ ሥር ስለምትወጣ ነበር።

የዘገዬ አባት አቶ ኃይለየሱስ ከደጋው የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ከረባታቸውን ከጥምቀታቸው ጀምሮ ያሰሩት ይመስላሉ። የልጅቷ አባት የውሃ ኃላፊ ነው ሲባሉ የናዝሬት ውሃ ክፍል ሹም መስሏቸው ተስማሙ። ኋላ ሰንበታን ከነቦቲ ጫማው ሲያዩት ለሰርጉ የሚያመጡትን ዘመድ ቁጥር ጨመሩ። ይህ ሰው ያን ሁሉ ዘመድ መቀበል ይችል እንደሆነ እናያለን ማለታቸው ነበር።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የሰንበታ ግቢ ዳስ ቢጣልበት የምጣዱ ማስቀመጫ እንኳ አይተርፍም። የቀበሌው አዳራሽ ለስብሰባ ተይዟል። የእድሩን ሰው መቀነስ ደግሞ አይታሰብም፤ ያልተጠራ የእድር ሰው ቂሙን ለልጅ ልጁ ያወርሳል። በሰፈሩ ሰፊና ለጥ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የደረቀው ኩሬ። በበጋ ወለሉ እንደተለቀለቀ ቤት ይሆናል። የካባው ሰው ሰርግ በደረሰው ቁጥር ኩሬውን ይለምናል፤ ሰንበታም «ኩሬ ነው እንጂ አዳራሽ አይደለም» እያለ ሲከለክል ኖሯል። አሁን ግን ራሱ ሄዶ ኢንጂነር ሙሉብርሃንን ለመነ።

«ጋሽ ሰንበታ፣» አለው ኢንጂነሩ፣ «በመጋቢት እንኳ ከብት አይተኛበትም የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ይሄ እኮ ሚያዝያ ነው፤ በልግ ነው።»

«የትኛው በልግ? በዚህ አገር በልግ የሚባል ነገር ካየን ስንት ጊዜያችን ነው?»

«ቢመጣስ?»

«አይመጣም። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፣ ኢንጂነር።»

ሙሉብርሃን አሳቡን አልወደደውም፤ ነገር ግን የሚለምነው ሰው ሰንበታ ስለሆነ አፈረና ፈቀደ። ሰፈሩ ወሬውን ሲሰማ «ለእኛ ሲሆን ኩሬ፣ ለእሱ ሲሆን አዳራሽ» ብሎ አሽሟጠጠ። አሽሙሩን እንደጨረሰ ግን ቋሚውንም ማገሩንም ተሸክሞ መጣ። ከኩሬው ወለል መሃል ዳሱ ተጣለ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፈነ፣ የእድሩ ወንበር ተደረደረ።

በሰርጉ ዋዜማ ሎሚ አባቷን ለብቻው ይዛ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። «ነገ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ አንድ ቀን ብቻ የእኔ አባት ሁን። የውሃው አትሁን። ስወጣ ጉልበትህን ስሜ፣ መርቀኸኝ፣ እንደ ሰው ልጅ ልሂድ።»

«እንተላ ኮ፣» አለ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «እሺ። ነገ ውሃ የሚባል ነገር አላውቅም።»

ቃሉን ለመጠበቅ ያደረገው ነገር ደግሞ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ነው። በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ሽንኩርት ልጦ ሥጋ ሲከትፍ፣ ወደ መገንጠያው ወጣና ሳንቃውን ከግራ ነቅሎ በቀኝ ሰካው። ምናልባት ጎርፍ ቢመጣ ዳሱን አይነካም፤ ጉድጓዱ ይገባል። አይመጣም እንጂ። ማታ ሰርጉ ሲያልቅ ይመልሰዋል፤ ማንም አያውቅም። ሲወርድ እንደ ሌባ ዙሪያውን እያየ ነበር፤ ደስም ብሎታል። እልፍነሽ የተዋሰችለትን ኮት ለብሶ ዳሱ በር ላይ ሲቆም፣ አንዳንዱ እንግዳ አላወቀውም።

ጉድጓዱን የሚጠብቀው ያን ቀን ሀሰን ነበር። ተራው አልነበረም፤ ግን ተረኛው የሰርጉ ሥጋ ቆራጭ ሆኖ ስለተገኘ ሀሰን ተተካለት። «እኔ እንደሁ ሥጋችሁን አልበላ፤ እናንተ ብሉ፣ እኔ ሞተሯን ላጫውታት» አለ። ሰንበታና ሀሰን በጣሊያኑ ጊዜ አንድ ባሬላ ፊትና ኋላ ይዘው ድንጋይ ያመላለሱ ሰዎች ናቸው። እልፍነሽም አልረሳችውም፤ ከአዋሽ ዓሣ አስመጥታ በሌላ ድስት፣ በሌላ ጭልፋ ለእሱና ለሌሎቹ እስላም ጎረቤቶች ሠርታ ነበር።

ሙሽራው በሆታ ገባ። አቶ ኃይለየሱስ ዘመዶቻቸውን አሰልፈው መጡ፤ ዳሱን ቀና ብለው አዩ፣ ወንበሩን በዓይናቸው ቆጠሩ፣ ዘመዳቸው ሁሉ ተቀምጦ ቦታ ሲተርፍ አንገታቸውን ነቀነቁ። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ሎሚ ቬሎዋን ለብሳ ከዘገዬ አጠገብ ተቀምጣ አባቷን በዓይኗ እየፈለገች፣ ባገኘችው ቁጥር ትስቅለታለች። ሰንበታ እንግዳ እየዞረ «ብሉ እንጂ፣ ጨምሩ እንጂ» ይላል። ጠጅ ሲቀዳ እጁ አይሰስትም፤ ይህን ያየ ሠራተኛ ሁሉ «ዛሬስ ቧንቧው ተከፈተ!» እያለ ያፏጭ ነበር።

ሁለተኛው መዓድ ሲቀርብ አንድ ቀዝቃዛ ነፋስ ዳሱ ውስጥ ገብቶ የቅጠሉን ጠርዝ አንኮሻኮሸው። ሰው «ተመስገን፣ ነፈሰልን» አለ። ሰንበታ ብቻ ብርጭቆ እንደያዘ ቀረ። ነፋሱ የረጠበ አፈር ይሸታል። ወደ በሩ ወጣ ብሎ ቀና አለ። ከዳሱ በላይ ፀሐይ ነው። ሸንተረሩ ግን አይታይም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሆኗል።

ተመልሶ ገብቶ ተቀመጠ። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ የተቀመጠው አስቦበት ነው። ሳንቃው በቀኝ ነው፣ ጎርፉ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል፣ ልጁ ሳትረጥብ ትዳራለች። ሞተሩ? ሞተሩ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ሌላ ያመጣል። ሎሚን ግን ሌላ የሚያመጣለት የለም። ይህን በልቡ እየደጋገመ እያለ እልፍነሽ በአጠገቡ አለፈች። በአንድ ሳህን ዓሣ፣ በላዩ እንጀራ ሸፍና ለአንዲት ጎረቤት እየሰጠች ነበር።

«ይቺን ለሀሰን አድርሺለት፤ ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦልናል።»

ሰንበታ ተነሣ። ሳህኑን ከሴትየዋ እጅ ወሰደና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሀሰን የሚያጫውታት ሞተር ልትሰምጥ ነው፣ ሀሰንም የሚታሰርበት ነገር በገዛ ባልንጀራው እጅ ተሠርቶለት፣ ምግብ እየጠበቀ ነው። የሀሰን ልጆች እዚሁ ዳስ ውስጥ ነበሩ፤ ከሙሽሮቹ ወንበር ሥር ከረሜላ ይለቅማሉ።

ወደ መሃል ወጣና «ጎርፍ እየመጣ ነው!» አለ። «ሁላችሁም ውጡ! ወደ ዳገቱ፣ ቶሎ!»

ዘፈኑ ተቋረጠ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሰንበታ ጠጅ እንደማይችል ያውቃሉ። አቶ ኃይለየሱስ በዝግታ አፋቸውን ጠርገው ተነሡ።

«አቶ ሰንበታ፣ ምን ማለትዎ ነው? ልጄ ገና እጁን አልታጠበም። ሽማግሌ አልመረቀም። ሰማዩን አይመለከቱትም?»

«ጌታዬ፣ ከዚህ የሚታየው ሰማይ የእኛ አይደለም። ይውጡልኝ፣ እባክዎን።»

«እንግዳን ከመዓድ ላይ ማስነሣት! ይህን በአገሬ አላየሁም።»

ሰንበታ ለክርክር አልቆመም። ለእልፍነሽ በኦሮምኛ ሁለት ቃል ተናግሮ ኮቱን እያወለቀ ሮጠ። ሎሚ ስትጠራው ሰምቷል። ዞር ሳይል ነበር የወጣው፤ ዞር ቢል እንደማይሄድ አውቆ ነው።

እልፍነሽ ከዚያ ሁሉ ዓመት ጣውንትነት በኋላ የባሏን ፊት ማንበብ ታውቃለች። እንግዳውን አልለመነችም። ሴቶቹን ጠርታ ትልልቁን ድስት በጆሮው አስይዛ ወደ ዳገቱ አስወጣች፤ ቀጥሎ የእንጀራው መሶብ፣ ቀጥሎ የጠጁ ማሰሮ ወጣ። ጎርፉን ያላመነ ሰው ሁሉ ወጡ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። ሳህኑን እንደያዘ እያጉረመረመ ተከተለ። አቶ ኃይለየሱስም በመጨረሻ፣ ዘመዳቸው ሁሉ ጥሏቸው ስለሄደ፣ ወንበራቸውን በቦታው አስተካክለው ወጡ።

ሰንበታ መገንጠያው ሲደርስ የፊተኛው ውሃ ደርሷል፤ ቀይ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚያንከባልል ውሃ። ወደ ጉድጓዱ መውረድ ጀምሯል። ሳንቃውን ከቀኝ ለመንቀል እስኪጮህ ድረስ ታገለ። ሲነቀልለት ጎርፉ ወደ ሁለቱም ተከፈለ። ሳንቃውን አቅፎ ወደ ግራው ማስገቢያ ገፋው፤ ግን አልገባም። ጠዋት ክፍት የተወውን ማስገቢያ ጎርፉ በጠጠር ደፍኖታል። ሳንቃውን እንዲሁ በግራው ቦይ አፍ ላይ ደገፈውና ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ በሁለት ጉልበቱ ተጭኖ፣ ትከሻውን ሰጥቶ ያዘው። ውሃው ወገቡ ደረሰ፤ ጎርፉም እየተገላበጠ ወደ ቀኝ፣ ወደ ልጁ ዳስ ዞረ።

ሀሰን እግሩ ሥር ውሃ ሲያይ ከጉድጓዱ እየሮጠ ወጣ። ባልንጀራውን በነጭ ሸሚዝ ጎርፍ ውስጥ ሲያገኘው ሳይጠይቅ ዘሎ ገባና ከጎኑ ትከሻውን አስደገፈ። ትንፋሹን ሲያገኝ ጆሮው ላይ ጮኸ።

«ሳንቃው በቀኝ ምን ይሠራል? ማን ነው ያዛወረው?»

«እኔ ነኝ።»

ሀሰን ወደ ታች ወደ ዳሱ አየ፤ ገባው።

«ታዲያ ለምን መለስከው?»

«ትከሻህን ዝቅ አድርገው፤ ይወስደናል» አለ ሰንበታ።

ከዳገቱ ላይ ሰርገኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ጎርፉ ኩሬው ውስጥ ሲገባ ዳሱ ለአፍታ ያህል የጸና መሰለ። ከዚያ አንደኛው ቋሚ ተነቀለ፣ ቅጠሉ ጣሪያ ዘመም አለና ሙሉውን ተኛ። የእድሩ ወንበሮች ተያይዘው ተንሳፈፉ፣ የጠላ በርሜሎች ዞሩ፣ የሙሽሮቹ ወንበር ከነአበባው ወደ ማዶው ጠርዝ ሄደ። አቶ ኃይለየሱስ ቀደም ብለው ያስተካከሉት ወንበራቸው ሲያልፍ አዩት፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጎዳም። የሰርጉ ዳስ ግን አልተረፈም።

የአርሲ ነገሌ መንገድ ረጅም ነው፤ ሰዓት እላፊም አለ። አቶ ኃይለየሱስ ከባርኔጣቸው ጋር ክብራቸውንም መልሰው አደረጉና «ሙሽሪት ትሳፈር፤ የተረፈውን እዚያው እናደርሰዋለን» አሉ። መኪናው ጡሩንባ ነፋ። ሎሚ ግን ወደ መኪናው አልሄደችም። ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ እናቷን «ተዪኝ!» ብላ፣ በቦዩ ዳር ወደ ላይ ወጣች።

የቆመችው ከቦዩ ወዲህኛው ዳር ነው። በእሷና በአባቷ መካከል ጎርፉ አለ። ድምፁ ድንጋይ እንደሚፈጭ ክራሸር ነው፤ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። እጇን ወደ ታች፣ ወደ ፈረሰው ዳስ ቀስራ ጮኸች። ሰንበታ ቃሉን አልሰማውም፤ ጥያቄው ግን አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ውሃውን ወደ ዳሱ የመለስከው አንተ ነህ?» የሚል። ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ።

ሎሚ በሕይወቷ እንዲያ ተናድዳ አታውቅም። አንድ ቀን ብላ ለምናው ነበር። ከዳር ያለውን ጭቃ በነጭ ጫማዋ ረገጠችው፣ አለቀሰች፣ መልሳ ጮኸች። ጉልበቱን ልትስም አልመጣችም። ቢሆንስ ጉልበቱ የት አለ? ውሃው ውስጥ፣ ሳንቃው ላይ ነው። ሊያነሣው አይችልም። ሀሰን በአገጩ «ሂድ፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ አመለከተው፤ ሰንበታ ግን ለአንድ ሰው እንደማይበገር ያውቃል። ወደ ልጁ ሊሻገርም፣ ይቅርታ ሊላትም፣ ጠዋት ምን አድርጎላት እንደነበር ሊነግራትም የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። መኪናው ደግሞ ጡሩንባ ነፋ።

ያኔ ሰንበታ ቀኝ እጁን ከሳንቃው ላይ አነሣና መዳፉን ወደ እሷ ዘረጋ። ሀሰን የእጁን ጎዶሎ ለመሙላት ደረቱን ሰጠ። የሰንበታ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ይናገራል፣ ያቆማል፣ ይጠብቃል። ይናገራል፣ ያቆማል፣ ይጠብቃል። ምርቃት ነው፤ በኦሮምኛ ይሁን በአማርኛ እንኳ አይታወቅም። አንዲት ቃል አልተሻገረችም።

ለመጀመሪያው ሎሚ ዝም አለች። ለቀጣዩም ዝም አለች፤ ጥርሷን ነክሳ ታየዋለች። እሱ ግን እያቆመ፣ የሚመልስለት ሰው እንዳለ ሁሉ እየጠበቀ፣ ቀጠለ። ውሃው ደረቱን ይመታው ነበር። ከንፈሩ ደግሞ ሲያርፍ ሎሚ «አሜን» አለች። ድምፅዋን አልሰማም፤ አፏን ግን አየ። ቀጠለ፣ አረፈ፤ «አሜን» አለች። እያለቀሰች፣ አሁንም እንደተናደደች፣ ባረፈ ቁጥር «አሜን» እያለች እስከ መጨረሻው ቆመች። ከዚያ ቬሎዋን ለቀቀችው፣ ጭቃው ላይ እየጎተተችው ወርዳ ተሳፈረች።

ሞተሩ በማግስቱ ሠራ። ሀሰንን የጠየቀው ሰው የለም። ሰፈሩ «ሰንበታ ለብረት ብሎ ልጁን በጎርፍ ዳረ» እያለ ብዙ ዓመት አማው፤ እሱም እንደ ልማዱ ይሰማል እንጂ አይመልስም። ሎሚ አርሲ ነገሌ ወልዳ ከብዳ ትኖራለች። አባቷ በሕይወት እያለ በዓል በመጣ ቁጥር ትመጣ ነበር፤ ስለዚያ ቀን ግን ሁለቱም አንሥተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ሀሰንን «እርስዎ አጠገቡ ነበሩ፤ ምን ብሎ ነው የመረቀኝ?» ብላ ጠይቃው ነበር። ሀሰን ብዙ አሰበና «የእኔም ጆሮ በውሃ ተሞልቶ ነበር» አላት። ልጆቿ የሰርጓን ነገር ሲጠይቋት ዳሱንም፣ ወንበሩንም፣ የአያታቸውን የአቶ ኃይለየሱስን ባርኔጣም እየሳቀች ታወራለች። ምርቃቱ ላይ ስትደርስ ግን ታቆማለች።

«ምን ብለው መረቁሽ?» ይሏታል።

«አልሰማሁም፣» ትላለች። «አሜን ግን ብያለሁ።»